ያልደረቀው ዱቄት

በያጁ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አራት ጣት ውፍረት ያለውን ላሜራ ከላሜራ ሲያጋባ ኖሯል። እሳቱን ግን አያየውም። የብየዳ ሽቦው የሚቀልጠው ብየዳውን በሚሸፍን የማዕድን ዱቄት ክምር ሥር ነው፤ ላየው ሰው ማሽኑ አፈር እየገፋ የሚያዘግም ይመስላል። ዱቄቱ ምድጃ ውስጥ መድረቅ አለበት። ከረጠበ እርጥበቱ ብረቱ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ዛሬ ዝም ብሎ በሁለተኛው ቀን ብየዳውን ይሰነጥቀዋል። ምርመራው ሁለት ቀን ተጠብቆ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ፣ ብረትን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ሊቅ፣ የእንግዳ አዳራሹ መብራት እንዳይደክምበት ምድጃውን አስጠፍቶት ኖሯል። በያጁ ይህን ያወቀው የታንከሩን የመጨረሻ መጋጠሚያ በይዶ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ምድጃውን ቢነካው እንደ ሬሳ ቀዝቅዟል። ተቆርጦ እንደገና ይበየድ፣ እሱም ካልሆነ ሁለት ቀን ይጠበቅ ብሎ ለመነ። ውሃ ወቀጣ። እንግዶች ነገ ጠዋት ይመጣሉ፤ ታንከሩ ፊታቸው በውሃ ግፊት ይፈተናል። ተቆጣጣሪው በዚያው ሰዓት መርምሮ ንጹሕ ነው ብሎ ፈረመ። እሺ ይበልጣል ከሺ።

ከታንከሩ ሥር ገብቶ ፍሳሽ የሚጠብቀው ማን ነው ቢል፣ የገዛ ልጁ ባል መሆኑን ነገሩት።

ጠዋት አማቹን በሩ ላይ ጠብቆ፣ ታምሜያለሁ ብለህ ተመለስ አለው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ አማቹ እምቢ ያለው አደጋው ጠፍቶት አይደለም፣ መባረሩን ፈርቶ ነው። ደግሞም እሱ ቢቀር ሌላ ሰው ማስገባታቸው አይቀርም።

«አባባ፣ የበየዱት እርስዎ ነዎት። የእርስዎን እጅ ካላመንኩ የማንን ላምን ነው?»

«እጄን እመን፣ ዱቄቱን አትመን። በል፣ ቱታህን አውልቅልኝ።»

በያጁ የአማቹን ቱታ ለብሶ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ከታንከሩ ሥር ገባ። ማንም ልብ አላለውም፤ ከሥር የሚገባን ሰው ፊት ማን ያያል። ፓምፑ ተነሣ። የግፊቱ መርፌ መውጣት ጀመረ። አስኪያጁ ስለ ትጋት ይሰብካል።

መርፌው ግማሽ ሲያልፍ ላሜራው እንደሚሰበር ጥርስ ያለ ድምፅ አሰማ። አስኪያጁ ብረት ሲሞላ እንዲህ ይንጠራራል ብሎ ለእንግዶቹ አስረዳ፤ እያስረዳም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሁለተኛው ድምፅ ረዘመ። አማቹ ሰው እንዳይጠጋ ከተዘረጋው ገመድ ውጭ ሆኖ ፓምፑን አጥፉት እያለ ይጮሃል። የፓምፑ ሠራተኛ አስኪያጁን አየ፤ አስኪያጁ እንግዶቹን አየ። በያጁ ከሥር ሆኖ መዳፉን መጋጠሚያው ላይ ለጠፈ። መጋጠሚያው እርጥብ ነበር፤ ስንጥቁ ውሃ ማዣት ጀምሯል። መርፌውም እየወጣ ነው።