ለሽምግልና ሄደን ስለ ኢራቅ ተከራከርን

የሥራ ባልደረባዬ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ዲላ አጠገብ ጪጩ ለምትኖር ልጅ ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ ሲለኝ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። "ሽበት የለኝም እኮ" ስለው፣ "የታሪክ አስተማሪ ነህ፣ መናገር ታውቃለህ" አለኝ። ጉድ የሠራኝም ያው መናገሬ ነው።

ከዲላ የሄድነው ሁለት ነን፤ እኔና አንድ የተከበሩ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። የልጅቷ አባት በደርግ ጊዜ ሃምሳ አለቃ የነበሩ፣ አሁን ቡና አምራች ናቸው። ስንገባ ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ነበር፤ ያኔ ወሬው ሁሉ ኢራቅ ነው። ገና "የመጣንበት ጉዳይ..." ስንል እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ መምህር። አሜሪካ ኢራቅን ከያዘች በኋላ የአገሩን ጦር በሙሉ በተነች። ልክ ናት?"

ሽማግሌው በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ዝም በል ማለታቸው ነበር፤ እኔ ተናገር ያሉኝ መሰለኝ።

"ልክ ናት" አልኩ። "አዲስ መንግሥት በአሮጌ ጦር አይቆምም።" ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ጦራቸው ስለፈረሰው ጀርመንና ጃፓንም ጨመርኩበት።

ሃምሳ አለቃ ሬዲዮኑን ዘጉት። "እኔ የተበተንኩ ወታደር ነኝ" አሉ። "ከጠመንጃ ሌላ ሙያ የሌለው ሰው በአንድ ቀን ሜዳ ላይ ሲቀር ምን እንደሚያስብ መጽሐፍህ ላይ አለ?"

የለም።

ሽማግሌው ነገሩን ለማብረድ፣ "ጥፋቱ የመሪዎቹ ነው፤ እንዴት እንደሚገቡ እንጂ ገብተው ምን እንደሚሠሩ አላሰቡም" አሉ።

"ኧረ አስበዋል! ያሰቡት ነው የተበላሸው!" ብለው ሃምሳ አለቃ ብድግ አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን። ቆጮ በጎመን ቀረበ፣ ተበላ፣ ተነሣ። ስለ ልጅቷ ትንፍሽ ያለ የለም። በመጨረሻ እናትየው ከጓዳ ወጡ።

"ኢራቅን ማን እንደሚያስተዳድር ጨረሳችሁ? እንግዲህ ልጄን ማን እንደሚያገባት ልስማ።"

ሃምሳ አለቃ አፍረው ተቀመጡ። "ልጁም እንዳንተ ተከራካሪ ነው?" አሉኝ።

"ኧረ እሱ ዝምተኛ ነው።"

"እንግዲያው ይሁን።"

ሲሸኙን እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረውኝ መጡ። ተሳስቻለሁ አልኳቸው። "ተበትነህ አታውቅም፣ ያ ብቻ ነው" አሉኝ። ጦሩ የተበተነ ጊዜ ከሞያሌ እስከ ገደብ ከተማ አብዛኛውን በእግራቸው እንደመጡ፣ ቦት ጫማቸውን መንገድ ላይ በበቆሎ እንደለወጡ ነገሩኝ። እስከዚያ ቀን ስለዚህ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ሙሽራው ምን ተነጋግረን እንዳስፈቀድንለት እስካሁን አልነገርነውም።