ቀጥ አድርገው

ፈረንጅ አገር ባለችው አሌክሳንድርያ ውስጥ መኪና መንዳት የተማረ ሐበሻ ሁሉ ወይ ካሰች አስተምራዋለች፣ ወይ ካሰች ያስተማረችው ሰው አስተምሮታል። ነጭ ኮሮላዋን ይዛ በዱክ ስትሪት ስታልፍ በእግር የሚሄዱት እጃቸውን ያነሱላታል፤ የሚነዱት ደግሞ ሳያስቡት ቀበቷቸውን ይነካሉ። ሱቄ እዚያው መንገድ ላይ ስለሆነ በየቀኑ አያታለሁ። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምጿ ግን ሦስት መኪና አልፎ ይሰማል። አንድም ቀን «ይመስለኛል» ስትል ሰምቻት አላውቅም። መንገድ ላይ የሚመስለው ሰው ቤቱ ይቀመጥ ባይ ናት።

ሥራዋን ትወደዋለች። ለዓመታት መሪ ስታይ የምትሸሽን እናት ሃይዌይ ላይ አውጥታለች። የምትፈራው ሌላውን ዓይነት ነው። «አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ የሚለኝ ሲመጣ ጸሎት አደርሳለሁ» ትለኛለች። «ምንም የማያውቀው በስንት ጣዕሙ!»

እንዲህ እያለች በሰላም ስትኖር መጽሐፉ መጣ።

ዋለልኝን እዚህ አገር የማያውቅ ሐበሻ የለም። ወጣት ሆኖ አሌክሳንድርያ መጥቶ ሳህን ሲያጥብ የነበረ ልጅ ነው፤ ዛሬ አዳራሽ የሚሞላ ኮሜዲያን ሆኗል። የሕይወት ታሪኩን ጻፈና «ጥርሴን አትቁጠሩብኝ» አለው። እኔም ከበርበሬውና ከሽሮው መካከል ደረደርኩት። በርበሬው ተቀምጦ መጽሐፉ አለቀ፤ ደግሜ አስመጣሁ።

የሻጭ ዕዳው የአንባቢን አስተያየት መስማት ነው። አቶ ዓብዩ ባንኮኒዬን ተደግፎ ያነባል፤ «ልገዛው እያየሁት ነው» ይላል፤ እያየው ግማሹን ጨረሰ። የስፕሪንግፊልዷ ነርስ ሙፈሪሓት ሥራ ቦታ በእረፍቷ ስታነብ በሳቅ ፈርሳ፣ ሕመምተኞቹ ደወል ተጭነው ደህንነቷን ጠየቁ አሉ። አንድ የተከበሩ አባት ደግሞ ከንቱ መጽሐፍ ነው ብለው ገሠጹኝ፤ ከንቱነቱን ግን በየገጹ በቃላቸው ይወጡታል። ማንም ምንም ይበል፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ምዕራፍ ላይ ነበር የሚያርፈው። የምዕራፉ ርእስ «ቀጥ» ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋለልኝ በመጣ ሰሞን «አንዲት ባለ ነጭ መኪና እትዬ» መንዳት ታስተምረዋለች። አናንዴል ውስጥ ከአንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ሊወጡ ሲሉ መኪና ድንገት ከፊታቸው ይገባል፤ እትዬም «ቀጥ አድርገው!» ብላ ትጮኻለች። ባለበት አቁመው ማለቷ ነው። እሱ ግን መሪውን ቀጥ አድርገህ ንዳው ያለችው መስሎት፣ ቀጥ አድርጎ፣ ሌላው መኪና ለጥቂት እያመለጠው፣ መንገድ ተሻግሮ አንድ ባንክ በር ላይ ያለ አበባ መካከል ይገባል። እትዬም የጽጌረዳ አበባ ፀጉሯ ላይ ተሰክቶ «ቀጥ አላልኩህም?» ትለዋለች። «ቀጥ ብዬ ነው እኮ የመጣሁት!» ይላታል።

እውነቱን ለመናገር ቃላችን ሁለት ፊት አለው። «ቀጥ ብለህ ሂድ» እንላለን። ሲነዳ የነበረ ሰው ድንገት ሲያቆም ደግሞ «ቀጥ አደረገው» እንላለን። ስንት ዘመን ስንናገረው ማን ልብ ብሎት ያውቃል? ዋለልኝ ልብ አለው፤ አገር ሳቀ። የካሰች ስም አልተጻፈም። መጻፍም አላስፈለገውም።

ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ እቴ! አንድ ቀን ገባችና «ንጉሡ፣ የኔን ቦታ አንብብልኝ፤ መነጽሬን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ» አለችኝ። አነበብኩላት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ጽጌረዳው ግን ውሸት ነው፤ ቁጥቋጦ ነበር» አለች። ሦስት ገዛች፤ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው እህቷ፣ አንዱን የመንጃ ፈቃድ ፈተና ለሚፈትነው ፈረንጅ። ከዚያ ወዲያ ሰው ከመንገድ ዳር «ቀጥ!» እያለ ሲጠራት እንደ ዘፋኝ እጇን ታወዛውዝ ጀመር። «የመጽሐፉ ሴትዮ ነሽ?» እያለ ሊማር የሚደውልላትም በዛ። እኔም ነገሩ በሳቅ አለፈ ብዬ ደስ አለኝ።

ሳቁ ግን መኪና ውስጥ ገባ።

ያኔ ከምታስተምራቸው አንዷ የሙፈሪሓት ልጅ ሰሀር ነበረች፤ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ሰሀር የአማርኛ ፊደል ስለማትቆጥር ያችን ምዕራፍ እናቷ ነች ያነበበችላት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሴሚናሪ ሮድ ላይ ስትነዳ ውሻ የሚያናፍስ ሽማግሌ ወደ መንገዱ ገባ። ካሰች «ቀጥ አድርጊው!» አለች። ሰሀር በሳቅ ፈነዳች። እግሯም እጇም ላላ። ካሰች ከዋለልኝ በኋላ በእሷ በኩል ያስገጠመችውን ፍሬን ባትረግጠው ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው።

«ኦ ማይ ጋድ፣ እትዬ ሶሪ! መጽሐፉ ትዝ ብሎኝ ነው!» አለች ሰሀር።

ካሰች ሱቄ መጥታ የሩዝ ከረጢት ላይ ዘፍ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። የሆነውን ነገረችኝና «ብትደነግጥ ይገባኝ ነበር። ሳቀች እኮ ንጉሡ» አለችኝ።

«ታዲያ ቃሉን ቀይሪዋ፤ ስቶፕ በያቸው» አልኳት።

«ሞክሬዋለሁ። ስቶፕ ስላቸው ቀና ብለው ምልክቱን ይፈልጋሉ።»

«ፍሬን በያቸው።»

«ፍሬን ስላቸው የትኛው እንደሆነ ለማየት ያጎነብሳሉ።»

«ቁም በያቸዋ!»

«ቁም ብዬ ስጮህ መንገደኛው ይቆማል፤ ተማሪው ይሄዳል።» ሳቄ መጣ፤ ፊቷን አይቼ ዋጥኩት። «ቀጥ ብቻ ነው ሳያስቡ የሚታዘዙት» አለች። «እናቱ ቀጥ በል ሳትለው ያደገ ልጅ የለም።»

ከከረጢቱ ብድግ አለች። ከዚያ ዋናውን አወጣችው። «ከሁሉ የባሰብኝ የሰሀር ሳቅ አይደለም። ያኔ ዋለልኝ ደንግጦ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ከሆነስ? እሱ እንደጻፈው የምጮኸው ቃል ሂድ የሚል ከሆነ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት በሰው ነፍስ ስጫወት ነበር ማለት ነው። መተው ያለብኝ ይመስለኛል።»

ይመስለኛል አለች፤ ካሰች! ለወጉ ላጽናናት ሞከርኩ፤ አልሰማችኝም። እሁድ ዋለልኝ ሲልቨር ስፕሪንግ አንባቢዎቹን ሊያገኝ ይመጣል። ሄዳ አንድ ጥያቄ ልትጠይቀው ቆርጣለች። «ሂድ ያልሽኝ መስሎኝ ነው ካለኝ ያ ቀን የመጨረሻዬ ነው፤ ተማሪዎቼን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አለችኝ። ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

እሁድ ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። አራት ዘጠና አምስት የሚሉትን ሃይዌይ ከቀኝ መስመር ሳትወጣ ጨረሰችው። ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ያለው አዳራሽ ሞልቷል። ዋለልኝ በትልቅ ጥቁር መኪና መጣ፤ ሌላ ሰው እየነዳለት፣ እሱ ከኋላ ወረደ። «ዝነኛ ከሆነ ወዲህ መሪ መጨበጥም ተጸየፈ» አለ አንዱ ከጎናችን። ምቀኛ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ጥቂት አነበበ፤ ተሳቀ። ከዚያ ማይክሮፎኑ ለአንባቢ ተሰጠ። አንዲት ሴትዮ «ጥላኝ ሄደች ብለህ የጻፍክባት የእህቴ ልጅ ናት፤ ጥለሃት የሄድከው አንተ ነህ» አሉና ተቀመጡ። አንድ ሰውዬ መጽሐፉ ግሩም ነው፣ ፊደሉ ግን ለዓይን አነሰ ብሎ አማረረ። ሌላው ጥያቄውን ትቶ የራሱን የሕይወት ታሪክ ጀመረ፤ ማይክሮፎኑን ከእጁ ለማስለቀቅ ትንሽ ትግል ሆነ። ካሰች ይሄኔ ተነሳች። አንዱ አወቃትና «ቀጥ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ዋለልኝ፣ አወቅኸኝ?» ማይክሮፎን አልፈለገችም።

ዋለልኝ ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳ። «እትዬ ካሰች! እርስዎን ረስቼ የት እደርሳለሁ?»

«መጽሐፍህን አንብቤ ስቄያለሁ። ተቀይሜ አልመጣሁም፤ አትደንግጥ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን ቀጥ አድርገው ስልህ፣ እውነት ሂድ ያልኩህ መስሎህ ነው?» ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ዞር ብላ አየቻቸው። «አትሳቁ። ነገ ጠዋት ተማሪ አለኝ። መልሱን ለሥራዬ ነው የምፈልገው።»

ዋለልኝ አፉን ከፈተ። ቀልድ ሊመጣ ነው ብሎ ሰው ሁሉ ጥርሱን አዘጋጀ። እሱ ግን መልሶ ገጠመው። ላቡን ጠረገ።

«አይደለም፣ እትዬ» አለ። «አቁም እንዳሉኝ ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ። ግን በጣም ፈርቼ ነበር፤ ፍሬን የረገጥኩ መስሎኝ ነዳጁን ረገጥኩት። ፈርቼ ሰው ልገድል ነበር ብዬ ብጽፍ ማን ይስቃል? ቃሉ አሳሳተኝ ስል ግን ያስቃል። የቃሉን ነገር ያገኘሁት መጽሐፉን ስጽፍ ነው። መኪናው ውስጥ በደንብ ነው የገባኝ።»

«እህ፤ ምዕራፉ ተበላሸ» አለ ከኋላችን አንዱ፣ ከልቡ አዝኖ።

«ሌላም ልንገራችሁ» አለ ዋለልኝ። «ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ ጨብጬ አላውቅም። የሚነዳልኝ ሰው ያለኝ ኮርቼ ይመስላችኋል፤ ፈርቼ ነው።» አንዳንዱ ይሄም ቀልድ መስሎት ሳቀና ደንግጦ አቆመ።

ካሰች ዓይኗን ጨፈነች። ያን ሰሞን ሙሉ ተሸክማው የነበረው ሸክም ከትከሻዋ ሲወርድ አየሁ ብል አላጋነንኩም። እኔ ራሴ እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም። «ልክ ነበርኩ» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ከዚያ የዱሮ ድምጿ ተመለሰ።

«አንተ ግን! ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ተመልሰህ አልመጣህም?»

«አፍሬ ነዋ፣ እትዬ።»

«እኔኮ አስተማሪህ ነኝ! ገና አልጨረስንም። ፈርመህ ስታበቃ ፓርኪንጉ ጋ ና፤ እጠብቅሃለሁ።» ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ቀልድ መስሎት ነው። እሷ ቦርሳዋን አንስታ መውጣት ጀምራለች።

«እትዬ፣ በሁለተኛው እትም አስተካክለዋለሁ!» አለ ከኋላዋ።

«ተወው፤ ጥሩ ቀልድ ነው። ሰሀር የምትባል ተማሪ አለችኝ፤ ለሷ ግን አንተው ራስህ ደውለህ ታስረዳታለህ።»

አመሻሽ ላይ መጣ። የፓርኪንጉ የመጨረሻ ፎቅ እሁድ ስለሆነ ከጥቂት መኪና በቀር ጭር ብሏል። ነገሩ የገባቸው አንባቢዎች ግን መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ስልካቸውን ደግነው ተከትለውት መጡ። ካሰች በመኪናዋ መስኮት ብቅ ብላ «ስልካችሁን አስገቡ፤ ሰው እየተማረ ነው» አለቻቸው። አስገቡ! ሐበሻ ተቆጥተውት ስልክ ሲያስገባ ያን ቀን አየሁ። እኔን ከኋላ እንድቀመጥ አዘዘችኝ። ዋለልኝ መሪውን ሲጨብጥ ጣቶቹ ነጡ።

«መስታወትህን አስተካክል። ትንፋሽህንም» አለችው።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። አንድ ዙር ዞርን፤ ሁለተኛውን ስንጀምር ትከሻው ላላ አለ። ይሄኔ አንዲት ወጣት የተፈረመላትን መጽሐፍ እያነበበች፣ ብቻዋን እየሳቀች፣ ቀና ሳትል ከሁለት መኪኖች መካከል ወጥታ ፊታችን ገባች። እኔ ልጮህ አየር ሳብኩ። ካሰችን አየኋት፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትመለከተዋለች። መኪናዋ ክችች ብላ ቆመች፤ ግንባሬ የፊቱን ወንበር መታ። ወጣቷ ገጹን ገልጣ አለፈች።

ዋለልኝ ሲተነፍስ ይሰማል። ቆይቶ፣ በካሰች በኩል ወዳለው ፍሬን አየና፣ እግሯ ከፍሬኑ ርቆ እንደተቀመጠ ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ። «እኔ ነኝ ያቆምኩት?» አላት።

«አዎ፣ አንተ ነህ።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ዝም አሉ? ቀጥ አድርገው አላሉኝም እኮ።»

«አቁመህ የለም እንዴ? ለቆመ ሰው ምን እለዋለሁ?» አለችው። «ይልቅ ሂድ፤ ከኋላችን መኪና አለ።»