የሁለቱ ፋኖሶች ውርርድ

የሰፈሩ ሰው "እትዬ መርፌ" ያላት ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ቀሚሷ ደረት ላይ ሦስት አራት መርፌ ሳይሰካ የዋለበት ቀን የለም፤ እናቶች ልጆቻቸውን ወደሷ ሲልኩ "ቀስ ብለህ ሳማት" ብለው ያስጠነቅቃሉ። ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ ደንብ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። አንድ ሕግ አላት፦ ጠርዝና ጠርዝ እኩል ከገጠመ ሥራው ልክ ነው፣ ካልገጠመ ፍታው። ይህ ሕግ ከድቶኝ አያውቅም ትላለች፤ እኔ የማወራው ግን ስለከዳት ቀን ነው።

ባሏ ፋኖስ ሠሪ ነው። ከመስታወትና ከቆርቆሮ ይሠራል። የቤቱን የፊት ክፍል፣ ያንን ሰፊ መስኮት ያለውን፣ ከተጋቡ ጀምሮ ይዞት ቀርቷል። የሷ የስፌት መኪና መተላለፊያው ላይ ተወትፋ ወደ ማድ ቤት የሚያልፍ ሁሉ እግሩን አንስቶ ነው የሚሻገራት። እትዬ መርፌ ክር ወደ መርፌ ቀዳዳ ለማስገባት በተንጠራራች ቁጥር ያን መስኮት እያየች ምራቋን ትውጣለች።

ታዲያ የባልየው ዓይን እየደከመ መጣ። እሱ እቴ፣ አያምንም። አንድ ቀን የጋለውን የብየዳ ብረት የገዛ እጅጌው ላይ አስደግፎ "ማድ ቤት የሚያርረው ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቃት። እያረረ ያለው እሱ ነበር። እሳቱን በእርጥብ ጨርቅ አፍና ካጠፋች በኋላ ቆሽቷ ድብን ብሎ ተናገረች።

"በቃህ። ብረቱን አስቀምጥ።"

"ወይ ፍንክች" አለ።

በዚያው ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ ለመግቢያው ግራና ቀኝ የሚሰቀሉ ሁለት ፋኖሶች አዞት ነበርና በነሱ ተወራረዱ። ሁለቱ መንትያ ሆነው ከወጡ እትዬ መርፌ ስለ ዓይኑ ዳግመኛ ትንፍሽ አትልም። ካልሆኑ እሱ ሥራውን ይተዋል፣ መስኮቱም የሷ ይሆናል። ዳኛ እንዲሆን የተመረጠው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካይ ነው። ይህ ሰው ሳይጠሩትም ይፈርዳል፣ ሲጠሩት ደግሞ ወንበር ይዞ ይመጣል።

ፋኖሱ እንዲህ ነው። ወገቡን ስምንት ካሬ መስታወት ይዞረዋል። ከላይ ክዳን፣ ከታች መቀመጫ አለው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፦ መሃል አንድ ካሬ፣ ዙሪያውን አራት ካሬ፣ በካሬዎቹ መካከል ደግሞ አራት ሦስት ማዕዘን። ሁሉም ሲደመር አሥራ ስምንት ካሬና ስምንት ሦስት ማዕዘን ይሆናል። የሁሉም ጎን ርዝመት እኩል ስለሆነ አንዲት የቆርቆሮ መለኪያ ለጠቅላላው ትበቃለች። ባልየው ይህን ቅርጽ የሚወድደው ለዚህ ነው፤ "አያጨቃጭቅም" ይላል፣ ወደ ሚስቱ እያየ።

የመጀመሪያው ፋኖስ አምሮ ወጣ። ሁለተኛው ክዳኑ ብቻ ሲቀረው ሥራው ቆመ። ክዳኑን ያነሳል፣ ዓይኑ ሥር ያደርሳል፣ መነጽሩን ይወለውላል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። እትዬ መርፌ ከመተላለፊያው ሆና ታየዋለች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ መስኮቱ እጇ ሊገባ ነዋ። ግን አልሆነላትም። አንድ ቀን ከሰዓት በር ላይ ቆሞ ለፀጉር አስተካካዩ "እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ደጃፍ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን መቁጠር ነው" ሲለው ሰማች። እየሳቀ ነበር ያለው፤ ሳቁ ነው አንጀቷን የበላት።

ባሏ ጢሙን ሊላጭ ጎረቤት ሲገባ ተነሳች። ብረቱን አጋለች። ክዳኑን ወገቡ ላይ አስቀመጠችው፤ የክዳኑ ስምንት ጠርዝ ከወገቡ ስምንት ጠርዝ ጋር ልክክ አለ። ክፍተት የለ፣ ትርፍ የለ። በቃ፣ ልክ ነው ማለት ነው። ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ደንብ ልብስ እንደምትሰፋው ቀስ እያለች ዙሪያውን በየደችና መኪናዋ ጋ ተመልሳ ተቀመጠች።

ባልየው ገብቶ ጠረጴዛው ፊት ቆመ። እሷ ጨርቅ የሌለበትን መኪና እግሯ እስኪዝል ትረግጣለች።

"ዘጋኸው እንዴ?" አለችው፣ ቀና ሳትል።

መነጽሩን ወለወለ። "ዘጋሁት" አላት።

በማግስቱ ዳኛው ወንበሩን ይዞ መጣ። ሁለቱን ፋኖሶች አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ፣ ፀጉር እንደሚያበጥር ሰው አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያደረገ ቆጠረ። ካሬ አሥራ ስምንት፣ እዚያም አሥራ ስምንት። ሦስት ማዕዘን ስምንት፣ እዚያም ስምንት። ቁመታቸውን በማበጠሪያው ለካ፤ እኩል ነው።

"ቁርጥ መንትያ ናቸው። ጋሼ ረትተዋል" አለ።

ባልየው ግን አንድ ልማድ አለው። ፋኖስ ከእጁ ከመውጣቱ በፊት አውራ ጣቱን አናቱ ካሬ ላይ ያሳርፍና ቀጥ ብሎ ይወርዳል፦ ካሬ፣ የወገቡ ካሬ፣ እንደገና ካሬ፣ ታች መቀመጫው፣ ከዚያ በጀርባው በኩል ወጥቶ አናቱ ላይ ይመለሳል። በመጀመሪያው ፋኖስ ጣቱ ዞሮ ቤቱ ገባ። በሁለተኛው ወገቡን እንዳለፈ ሦስት ማዕዘን ላይ ወጣ፤ መንገዱም እየጠበበ ሄዶ ሹል ጫፍ ላይ አለቀ።

"ክዳኑ ዞሯል" አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ጎንበስ ብሎ አየ። "ገጥሟል እኮ፣ ጋሼ።"

"መግጠሙንማ ይገጥማል። ስምንቱም ጠርዝ እኩል ስለሆነ አንድ እርምጃ፣ የአንድ ጠርዝ ያህል፣ ብታዞረውም እሺ ብሎ ይቀመጣል። በመጀመሪያው በክዳኑ ካሬ ትይዩ የመቀመጫው ካሬ አለ። በዚህኛው ግን በክዳኑ ካሬ ትይዩ ሦስት ማዕዘን መጥቷል።"

"ማን ያየዋል?"

"እኔ። ዓይኔ ነው ያታለለኝ። ተረታሁ።" የብየዳውን ብረት አንስቶ በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ሲጠርገው ቆየ፤ ከዚያ መሳቢያውን ከፈተ።

እትዬ መርፌ የፈለገችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አገኘች። መስኮቱ የሷ ነው፣ እጅጌ አይቃጠልም፣ ክርክሩ አበቃ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። "ሆድ ይፍጀው" ልትል ሞከረች፤ ሆዷ እምቢ አለ።

"የዘጋሁት እኔ ነኝ" አለች። "አንተ ክዳኑን አልነካኸውም። ጠርዙ ከገጠመ ልክ መስሎኝ ነው።"

ፀጉር አስተካካዩ ፍርዱን ትቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ለሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

"አውቃለሁ" አለ ባልየው።

"በምን አወቅህ?"

"ብየዳው ቀጥ ብሎ የሄደ፣ ደቃቅ፣ ልክ እንደ ስፌት ነው። የኔ አንድም ቀን እንዲህ አምሮ አያውቅም።"

"ታዲያ ለምን የኔ ነው አልክ?"

"ለኔ ብለሽ የሠራሽውን ሰው ፊት ላዋርደው?"

"ሥራህን ልታጣ ነበር እኮ፣ አንተ ሰውዬ።"

"አንቺስ ክዳኑን ስትዘጊልኝ መስኮቱን ልታጪ አልነበር?"

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ ከእንባው መሃል ደግሞ ሳቅ አመለጣት፤ የምትወደውን ያህል አንድም ቀን ነግራው እንደማታውቅ ያኔ ነው የገባት። ዳኛው ማበጠሪያውን ኪሱ ከትቶ "እኔ እንግዲህ ደንበኛ ይጠብቀኛል" አለና ወጣ። ማንም አይጠብቀውም ነበር።

ባልየው ወንበሩን ከመስኮቱ ፈቀቅ አደረገና አጠገቡ ሌላ ሳበ።

"ነይ እዚህ ተቀመጪ። አንቺ ታያለሽ፣ እኔ እዳስሳለሁ።"

ተቀመጠች። ብረቱን አጋለችው፤ የሠራችውን ብየዳ ዙሪያውን አቅልጣ ክዳኑን አላቀቀችው። በሁለት እጇ ወገቡ ላይ እንደያዘችው ቀና ብላ አየችው።

"ወደ ቀኝ ላዙረው ወደ ግራ?"

"ወደ ፈለግሽው" አላት። "አንድ እርምጃ ብቻ ነው።"