ያልተፋታው ብድር

ዕፀገነት ከአምሐ ከተፋታች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ብድራቸው ግን አልተፋታም።

በፍቅራቸው ዘመን፣ ሁለቱም አሜሪካ፣ ኦክላንድ ሲማሩ የወሰዱትን የትምህርት ብድር በአንድ አጣመሩት። ያኔ ለባልና ሚስት ይፈቀድ ነበር። "አንድ ሥጋ ከሆንን አንድ ዕዳ ቢኖረን ምን ነውር አለው?" ብሎ ነበር አምሐ። ነውሩ ቆይቶ መጣ። ትዳሩ ሲፈርስ ሽማግሌው ጋሽ አባተ መኪናውን ለእሱ፣ ሶፋውን ለእሷ ብለው አከፋፈሉና ብድሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የሚለያይበት ሕግ አልነበረም። ጋሽ አባተ ጀምረው ያልጨረሱት ሽምግልና ይህ ብቻ ስለሆነ ነገሩ ሲያንገበግባቸው ኖረ።

እሷ አብረው ይኖሩባት በነበረችው ሳን ሊያንድሮ ቀረች፤ እሱ ሳን ሆዜ ገባ። ወር በገባ ቁጥር አምሐ ይደውላል።

"ድርሻሽን ከፈልሽ?"

"ከፈልኩ። አንተስ?"

"ከፍያለሁ።"

ሌላ ወሬ የለም።

ዕፀገነት የምትሠራው በሕዝብ ሆስፒታል ነው። እንደሷ ያሉ ሠራተኞች ብድራቸውን ኮንሶሊዴት አድርገው፣ ማለትም በአንድ አጠቃለው፣ ዐሥር ዓመት ከከፈሉ ቀሪው ይሰረዝላቸዋል። ብድር ክፍሉ ደውላ ጠየቀች።

"የግል ባንክ ብድር አይገባም፤ የመንግሥት ከሆነ ግን አብዛኛው ይገባል" አለቻት ሠራተኛዋ። "ያንቺ የሁለት ሰው ስም አለበት። ለብቻሽ አይሆንም።"

ፍርድ ቤት ያፈረሰውን ትዳር ብድር ክፍሉ ገና አልሰማም ማለት ነው። ዕፀገነት በንዴት ጨሰች። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም።

በመጨረሻ ሕጉ ተለወጠ፤ ሁለቱም ካመለከቱ ብድሩ ይለያያል ተባለ። አምሐ እንቢ ካለ ግን አበቃላት። እየፈራች ደወለች።

"ሎናችንን ሴፓሬት ማድረግ ይቻላል አሉ። አፕላይ ታደርጋለህ?"

"ይጠቅምሻል?"

"በጣም።"

"እንግዲያው አደርጋለሁ።"

አደረገም፤ ብድሩም ተለያየ። ጋሽ አባተ ይህን ሲሰሙ "ገና ዛሬ አፋታኋችሁ" ብለው መረቋቸው።

አዲስ ወር ገባ። ዕፀገነት የራሷን ከፈለች። ስልኩ አልጮኸም። ስንት ዓመት ስትመኘው የኖረችው ጸጥታ ነው። ሳህን አጠበች፤ የታጠበውን ደግማ አጠበች። ከፋት፤ መክፋቷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ስልኩን አነሳች።

"ከፈልክ?"

"አሁን እኮ የራሴ ነው" አለ አምሐ።

"አውቃለሁ" አለች። "ከፈልክ ወይ?"