«የሚቃወሙ?» ሲባል እጄን አነሣሁ

ባሕር ዳር ለሚሰበሰበው ሸንጎ የተመረጥሁት ጀግና ስለነበርሁ አይደለም። ከቁንዝላ አንዲት ሴት መገኘት አለባት ተባለ፤ መድረክ ላይ ቆማ ጽሑፍ የምታነብ ሴት ደግሞ በከተማዋ እንደልብ አትገኝም ነበር። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርሁ። አባቴ የቅኔ መምህር ስለሆኑ ካህናቱም አልተቃወሙኝም። ካድሬው ስሜን ጠራ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እኔም የሕዝብ ተወካይ ሆኜ ወደ ቤቴ ገባሁ።

አባቴ ሲሰሙ ከመጽሐፋቸው ቀና አሉ።

«እና እዚያ ሄደሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የሕዝቡን ችግር እናቀርባለን፣ እንወስናለን።»

«እንግዲያስ የመርከቧን ነገር ንገሪልን» አሉኝና ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

የመርከቧን ነገር የማያውቅ አልነበረም። ክረምት ሲገባ ከቁንዝላ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ጭቃ ይውጠዋል። ያለችን በሳምንት አንድ ቀን ብቅ የምትል መርከብ ነበረች። ትኬት የሚቆርጠው የወደቡ ኃላፊ ግን ማለዳ መስኮቱን ከፍቶ «ሞልታለች» ይልና መልሶ ይዘጋዋል። ዶሮ ወይም ቅቤ አንጠልጥሎ በጓሮ የገባ ሰው ደግሞ ሞልታለች በተባለችው መርከብ ላይ ተደላድሎ ሲሄድ እናየዋለን።

በዚያው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ምጥ ጠናባት። የጤና ጣቢያው ረዳት መረመራትና «ባሕር ዳር ሆስፒታል ካልደረሰች እኔ ምንም አላደርግላትም» አለ። ዕለቱ የመርከቧ ቀን ነበር። እግዜር ነው የረዳን ብለን በቃሬዛ ተሸክመን ወረድን። ኃላፊው ቃሬዛውን አየት አደረገና «ሞልታለች» አለ። ባሏ እግሩ ላይ ወደቀ። እኔም ለመንሁት።

«ጓድ፣ መመሪያ ነው። ከአቅም በላይ አልጭንም» አለኝ።

ዓይናችን እያየ ሁለት ነጋዴዎች ከነበርበሬ ጆንያቸው ገቡ። መርከቧ ጮኻ ሄደች። ሐይቁ ስለተናወጠ በታንኳ እንውሰዳት የሚል ደፋር አልተገኘም። በማግሥቱ ልጁ ሞቶ ተወለደ። እናቲቱ እንደ ምንም ተረፈች።

ባሕር ዳር ላይ በተቀመጥነው የመጀመሪያው ስብሰባ ይህን ሁሉ ተናገርሁ። ሊቀመንበሩ በጥሞና ሰሙኝ። «ጓድ ያነሡት ነገር ከባድ ነው» አሉና ለየወደቡ ተቆጣጣሪ እንዲመደብ አስወሰኑ። ሁላችንም ደግፈን አጨበጨብን። ወደ ቁንዝላ የተመለስሁት እየዘመርሁ ነበር ማለት ይቻላል።

ተቆጣጣሪው ካኪ ለብሶ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ከትኬት መስኮቱ አጠገብ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ሰው በተራው ተሳፈረ፤ እኔም በመንገድ ሳልፍ ተመረቅሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበሩ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያም ከኃላፊው ጋር አንድ ትሪ ላይ ምሳ ሲበሉ ታዩ።

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ቅቤ ሻጯ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«እቴ፣ ያንቺ ሰውዬ እኮ ለጋ ካልሆነ አልቀምስም አለ።»

«የኔ ሰውዬ ደግሞ ማን ነው?»

«ተቆጣጣሪው ነዋ! አንቺ አይደለሽ ያመጣሽልን? ድሮ ለአንድ ሰው ነበር የምንወስደው። አሁን ለሁለት ሆነ።»

ስቃ አልነበረም የነገረችኝ። በቀጥታ ወደ ወደቡ ወርጄ ሰውዬውን አገኘሁት።

«ሰው ስለ እርስዎ ቅሬታ አለው» አልሁት።

«ጥቆማ ካለሽ አቅርቢ።»

«ለማን?»

«ለእኔ ነዋ» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር።

ሁለተኛው ስብሰባ ሲጠራ የእኔ ብቻ መስሎኝ የነበረው ጉድ የሁሉም ሆኖ አገኘሁት። ከየአቅጣጫው የመጡት ተወካዮች ስለ ተቆጣጣሪዎች ያንሾካሹካሉ። መድረኩ ላይ ግን ሌላ ረቂቅ ተነበበ። ተቆጣጣሪዎቹን የሚቆጣጠር፣ የማሰር ሥልጣን ያለው ከፍተኛ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ነው።

«የሚደግፉ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

አዳራሹ በእጅ ተሸፈነ።

«የሚቃወሙ?»

ይህችን እንዲያው ለወጉ ነበር የሚጠይቋት። ዓይናቸው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ወርዷል። እጄን አነሣሁ። አጠገቤ የነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተወካይ ቀሚሴን ጎተት አድርገው «ኧረ ተይ፣ አንቺ ልጅ!» አሉኝ። አላወረድሁም።

«ጓድ፣ ጉቦ ይስፋፋ ነው የሚሉት?» አሉ ሊቀመንበሩ።

ተነሥቼ ቆምሁ። «አይደለም ጓድ ሊቀመንበር። ኃላፊውን የሾመው አካል ተቆጣጣሪውን ሾመ። ይህን ኮሚቴም ያው አካል ሊሾመው ነው። ሦስቱም ሪፖርት የሚያደርጉት ለእሱ ነው። የኛ ሕዝብ ደግሞ ሦስተኛ ዶሮ የለውም።»

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር፤ ወዲያው ዋጠው።

«ታዲያ ምን ይደረግ ይላሉ?»

«የወደቡ ኃላፊ እዚህ መጥቶ ከፊታችን ይቁም። ቃሬዛ ላይ የነበረችውን ሴት ለምን እንዳስቀራት እኔ ልጠይቀው፣ ጓዶች ይስሙ። ተቆጣጣሪውም ይቁም። ሸንጎ ከተባልን መጠየቅ የኛ ሥራ ነው። መጠየቁን ለኮሚቴ ሰጥተን ለእኛ ጭብጨባው ብቻ ከቀረ፣ እኔ ለጭብጨባ ብዬ ተማሪዎቼን ትቼ አልመጣም።»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ረቂቁ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አሉ።

ገና አልተቀመጥሁም ነበር። «በሙሉ ድምፅ አይደለም። በአንድ ተቃውሞ ይባልልኝ» አልሁ።

አልተባለልኝም። ከስብሰባው እንደወጣሁ አንድ ካድሬ ወደ ቢሮው ወሰደኝ። መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነበር። ወንበር ሰጥቶ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ማን ነው የላከሽ?» አለኝ።

«የቁንዝላ ሕዝብ መርጦ ልኳታል ብላችሁ ያወጃችሁት እናንተ።»

«በሚቀጥለው ስብሰባ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ። ተሳስቻለሁ ትያለሽ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።»

«ያልተሳሳትሁትን?»

«እህቴ፣ በዚህ ነገር ሰው ታስሯል።»

«ካሰራችሁኝ በምን እንዳሰራችሁኝ ለቁንዝላ ሰው ንገሩት» ብዬ ወጣሁ።

ቁንዝላ ስመለስ አባቴ የሆነውን ሁሉ አስነግረው ሰሙኝ።

«ፈራሽ?»

«በጣም።»

«ግለ ሂስ የሚሉትን ታደርጊዋለሽ?»

«አላደርገውም አባባ።»

አባቴ መጽሐፋቸውን አጠፉ። «እንግዲያ እዚያ ያላስጠየቁሽን እዚህ ጠይቂው። እኔም አብሬሽ እወርዳለሁ።»

በመርከቧ ቀን ማለዳ አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወረድን። የቅኔ ተማሪዎቻቸው ተከተሉን። የገበያ ሴቶችም ወሬው ደርሷቸው ነበር። የጎረቤቴ ባልም መጣ። መስኮቱ ሲከፈት በሕዝቡ መካከል አልፌ ከኃላፊው ፊት ቆምሁ።

«ያን ቀን ይህ ሰው እግርዎ ላይ ወድቆ ሚስቱን ለምን አስቀሯት?»

«መመሪያ...»

«የበርበሬው ጆንያስ በየትኛው መመሪያ ገባ?»

ኃላፊው ወደ ተቆጣጣሪው ዞር አለ። ተቆጣጣሪው መሬት መሬት ያያል። የጎረቤቴ ባል አልጮኸም፤ «ወንድ ልጅ ነበር» አለ ብቻ። ኃላፊው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አቀረቀረ። እኔ በሸንጎው ልጠይቅ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

ከዚያ አባቴ መቋሚያቸውን እየመቱ መርከቧ ላይ ወጡ። ዙሪያዋን አይተው ተመለሱና ቦታ እንዳለ ጮክ ብለው ተናገሩ። «በማን ሥልጣን ነው?» አለ ተቆጣጣሪው። አባቴ እንዳልሰማ ሆነው አንዲት እግሯ ያበጠ አሮጊት እጅ ይዘው አስገቡ። ሌላው በመጣበት ተራ ተከተለ። በዚያን ቀን በጓሮ የሄደ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሰዉ የመርከቧ ቀን በመጣ ቁጥር የታመመውን እያስቀደመ ተራውን ራሱ ይይዝ ጀመር፤ የመስኮቱንም ሰው ሁሉም እየሰማ ይጠይቀዋል። ተቆጣጣሪው ያለ ሥራ ቢቀመጥ ሰለቸውና ዝውውር ጠየቀ። ከፍተኛው ኮሚቴም ተቋቋመ፤ ባሕር ዳር ጥሩ ሆቴል ይዞ ሰነበተ ሲሉ ሰማሁ። ቁንዝላ ግን አልደረሰም።

እኔን አላሰሩኝም። ግለ ሂሱን እምቢ ስል ከሸንጎ ወንበሬ አስነሡኝ፤ ከቁንዝላም ወደ ደልጊ ቀየሩኝ። ሐይቁን ተሻግሬ ትምህርት ቤቱ ስደርስ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ጠበቁኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ተጨንቀዋል።

«እዚህ ስብሰባ ላይ እንዳትናገሪ የሚል ነገር ደርሶናል» አሉኝ።

«እንግዲያ ስብሰባ አይጥሩኝ» አልኋቸው።

ጠሩኝ። ተናገርሁ።