ደጅ ጥናት

ልጅ ሳለሁ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ቴምፕል ሰፈር፣ የቤታችንን ምድር ቤት የተከራዩ ጋሼ ታደሰ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አገር ቤት ታሪክ ያስተምሩ ነበር፤ ያኔ ግን ሰንሪጅ ያለው ሞል ውስጥ ወለል ያጸዱ ነበር። በበረዶው ወራት፣ እሑድ እሑድ ጀንበር ቶሎ ስትጠልቅ ምድጃቸውን ያቀጣጥሉና፣ የእርጥብ እንጨት ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ስለ ጥንት አውሮፓ ነገሥታት ይተርኩልኝ ነበር። ከሁሉም የማስታውሰው ጦር ስላነሰው ንጉሥ ነው። ሴት ልጁን ለጠላቱ ልጅ ዳረና ድንበሩን አስከበረ፤ ለጳጳሱ ገዳም አሠራና ጳጳሱ በሕዝብ ፊት ዘውድ ጫነለት።

«መኳንንቱስ?» አልኳቸው።

«እነሱማ ሹመት ፍለጋ ደጅ ይጠናሉ።»

«ውጭ? በብርድ? ሆምወርክ ነው የሚያጠኑት?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «አዎ፣ ሆምወርካቸው መቆም ነው! የንጉሥ ጉልበት ሰይፉ እንዳይመስልህ። በሩ ነው።»

ሳይገባኝ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ጋሼ ካርቱም የቀረች አንድ ልጅ ነበረቻቸው። ወደ ካናዳ እንድትመጣ ስፖንሰር እሆናታለሁ ብሎ ቃል የገባላቸው ባለጸጋ ኮክረን በምትባል ጎረቤት ከተማ ይኖር ነበር፤ ፎርሙ የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ አባቴ ወደ ሰውየው ቤት በመኪና ሲወስዳቸው አብሬ ሄድኩ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ጋቢ ታቅፈው ደወሉ። መጋረጃው ተንቀሳቀሰ፤ በሩ ግን አልተከፈተም።

«ጋሼ፣ ሂተሩ በርቷል፣ ይግቡ» አላቸው አባቴ።

«ትንሽ ልታገሥ።»

ሃያ ደቂቃ ያህል የቆሙ ይመስለኛል፤ ልጅ ስለነበርኩ አጋንኜው ይሆናል። ትከሻቸው ላይ በረዶ ተሸክመው ሲመለሱ፣ መልስ እንዳገኘ ተማሪ ደስ ብሎኝ፣ «ጋሼ፣ አሁን ገባኝ! ደጅ ጥናት ይሄ ነው አይደል?» አልኩ።

አባቴ በመስታወቱ አፈጠጠብኝ። ጋሼ ጓንታቸውን ጣት በጣት አወለቁና፣ «አዎ የኔ ልጅ፣ አጠናኸው» አሉ።

በማግስቱ ስወርድ ምድጃው አመድ ብቻ ነበር። ፎርሙን ጭናቸው ላይ አድርገው መብራቱ ሥር ተቀምጠዋል። «ዛሬ ደክሞኛል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ተረት አልነበረም። በረዶው ሲቀልጥ ቤቱን ለቀው ሄዱ።

ልጃቸው ትምጣ አትምጣ አላውቅም። ዝም ያሰኛቸው የእኔ ቃል ይሁን ያ በር፣ ዛሬም መለየት አልቻልኩም። የነገሥታቱ ስም ከአእምሮዬ ጠፍቷል። የቤቴ ደወል ሲጮህ ግን፣ ማን እንደሆነ ሳላይ ሮጬ እከፍታለሁ። አንድም ቀን እሳቸው ሆነው አያውቁም።