አባባና ቢጫው ክር

ኮልፌ ገበያ አጠገብ ለብዙ ዓመታት ልብስ ሲሰፉ የምታውቋቸው አባታችን ባለፈው እሑድ ማለዳ አርፈዋል። ሐኪሙ «ልባቸው ደክሞ ነው» አለኝ። እኔ ሳላጣራ የማምን ሰው ስላልሆንኩ ደግሜ ጠየቅሁት፤ መልሱ ያው ነበር።

አባባ አንድ ነገር ላይ መርጋት አይችሉም ነበር። የኮት እጅጌ ጀምረው ሱሪ ያነሳሉ፤ ሱሪውን ጥለው የጎረቤት ልጅ ዩኒፎርም ሲያሳጥሩ ይውላሉ። ደንበኛ ሲቆጣ «ጭንቅላቴ እኮ መንገድ ላይ ጥሎኝ ይሄዳል» ይሉታል። መፍራት እንኳ ይረሱ ነበር። በደርግ ጊዜ ልጇ የታሰረባትን ጎረቤታችንን ሰው ሁሉ ሲሸሻት፣ በጠራራ ፀሐይ ሄደው የሚጠይቋት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

እኔን ከትምህርት ቤት መውሰድን ግን መርሳት አልፈለጉም። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ሥራ በምትገባባቸው ቀናት ጠዋት ጣታቸው ላይ ቢጫ ክር ያስራሉ፤ ወስደውኝ ሲመለሱ ይፈቱታል። ሰፈሩ ይህን ያያል። አንድ ቀን አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወደ ቀበሌ ወሰዷቸው። አንድ ቀን ታይቶ ሌላ ቀን የሚጠፋ ክር ለእነርሱ የኅቡዕ ድርጅት ምልክት ነበር።

እኔ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ «ዛሬስ ረስተውኛል» ብዬ አኮረፍኩ። እናቴ ወሬውን ሰምታ መጣችና እየጎተተች ቀበሌ ወሰደችኝ። ስንገባ መርማሪው «ክሩ የምን ምልክት ነው?» እያለ ይጮኻል። አባባ ደግሞ ደረቱን እያዩ «የኔ ወንድም፣ ይቺ ቁልፍህ ልትወድቅ ነው፤ አምጣት ላጥብቃት» ይሉታል። ድንገት እኔን ሲያዩ ግንባራቸውን መቱ።

«ውይ! ልጄን በር ላይ ረሳኋት!»

መርማሪው አላመነም። እርሳቸውን ዝም አሰኝቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አባትሽ ለምንድነው ክር የሚያስረው?»

 ብሳሳት አባባ ወደ ቤት እንደማይመለሱ ገብቶኛል።

«እኔን እንዳይረሱኝ» አልኩት።

መርማሪው ትንሽ አየኝ። ከዚያ ቁልፉን ዳሰስ አደረገና «ሂዱ» አለን።

ማን እንደጠቆመባቸው በጠየቅኋቸው ቁጥር «ረስቼዋለሁ» ይሉኝ ነበር። በዕድሜያቸው አውቀው የረሱት ነገር እርሱ ብቻ ይመስለኛል። እኔ ግን አልረሳሁም፤ ሰሞኑን ድንኳኑ ውስጥ የእያንዳንዱን ለቀስተኛ ፊት እያየሁ «ይሄ ይሆን?» ስል ነበር የሰነበትኩት።

አባባ፣ ደህና ይሁኑ። እዚያም ቢሆን የአንዱን ቁልፍ ሲያጠብቁ እንደሚዘናጉ እጠረጥራለሁ። ስለዚህ ሊገንዙዎት ሲሉ ጣትዎ ላይ ቢጫ ክር አስሬልዎታለሁ። ተራዬ ደርሶ ስመጣ በሩ ላይ ይጠብቁኝ።